ከጽንስ እስከ እርጅና፦ የዕድሜ ደረጃዎችን ጤና ሳይሸመድዱ ማጥናት

የጤና ትምህርት መጽሐፍ ዕድሜን በምዕራፍ ይከፋፍላል። ጽንስ አንድ ምዕራፍ፣ ሕፃንነት አንድ ምዕራፍ፣ ጉርምስና አንድ ምዕራፍ፣ ከዚያ ጎልማሳነትና እርጅና። በየምዕራፉ መጨረሻ ሠንጠረዥ አለ። ተማሪው ሠንጠረዡን ይቸክላል፣ ይፈተናል፣ በሳምንቱ ከጭንቅላቱ ይጠፋል።

የሚጠፋው ተማሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ምዕራፎቹ አልተያያዙለትም። ሲያነብ የአምስት ሰዎች ታሪክ ይመስለዋል። ታሪኩ ግን የአንድ ሰው ነው። ማህፀን ውስጥ የነበረው፣ በስድስት ዓመቱ ጥርሱ የወለቀው፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ ድምፁ የጎረነነው፣ በሃምሳ ዓመቱ መነጽር የፈለገው ያው አንድ አካል ነው።

ይህን ትምህርት ሳስተምር በእያንዳንዱ ዕድሜ ላይ ሁለት ጥያቄ አስጠይቃለሁ። ይህ ዕድሜ ካለፈው ምን ተረከበ? ለሚቀጥለውስ ምን ያስረክባል? ርክክብ የሚለውን ቃል ያዙልኝ። ከዚህ በታች ያለው የአጠናን መንገድ በሙሉ እሱ ላይ የቆመ ነው። ለብቻችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ሦስት አራት ሆናችሁ ብትሠሩት ግን ይበልጥ ይጣፍጣል።

1. መጽሐፉን ከመክፈታችሁ በፊት መስመር አስምሩ

አራት ነጭ ወረቀት በቁመታቸው እየቀጠላችሁ በፕላስተር አጣብቁ። መሐሉ ላይ 100 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። አንድ ሴንቲ ሜትር አንድ ዓመት ነው። ዜሮ ላይ “ልደት” ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ በየአሥሩ ሴንቲ ሜትር ቁጥር አድርጉ። ከዜሮ በስተግራ ትንሽ ቦታ ይቅር።

አሁን በዚያ በቀረው ቦታ እርግዝናን ጨምሩ። 40 ሳምንት ያህል ነው፤ በእናንተ መስመር ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የጣት ጥፍር ታህላለች። ግን በዚያች ጥፍር በምታህል ቦታ ምን እንደሚከናወን ተመልከቱ። ጽንሱ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ልብ መምታት ይጀምራል። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ከተጸነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል። ስምንተኛው ሳምንት ሲያልቅ የዋና ዋናዎቹ የአካል ክፍሎች መሠረት ተጥሏል።

28ኛውን ቀን አስምሩበት። በዚያ ቀን ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና አላወቁም። ሐኪሞች ለማርገዝ የምታስብ ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ከእርግዝናው በፊት ጀምራ እንድትወስድ የሚመክሩት ለዚህ ነው። እርግዝናው እስኪታወቅ ከተጠበቀ ቱቦው ተዘግቶ ያልቃል። ይህ የመጀመሪያው ርክክብ ነው፤ ልጁ ከእናቱ ጤና የሚረከበው።

ስለዚህ ለእርግዝና ለብቻው ሌላ ወረቀት ስጡት። እዚያ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር አንድ ሳምንት ይሁን። በትልቁ መስመር ላይ ደግሞ ከጽንስ እስከ ሁለተኛው የልደት ቀን ያለውን ቀለም ቀቡት። ወደ 1000 ቀን ነው፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ትንሽ ራቅ ብላችሁ እዩት። የባለሙያዎች ጭንቀት ለምን በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ እንደሚበረታ ያኔ ይገባችኋል።

2. ድንበሮቹን እወቁ፣ ግድግዳ ግን አታድርጓቸው

የተወለደ ልጅ እስከ 28 ቀኑ ጨቅላ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት አፍላ ወጣት የሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለስታቲስቲክስ ሥራው ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 24 ያለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ሕፃን ይላል። እንግዲህ የ17 ዓመት ልጅ ሦስቱንም ነው። ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚደናገረው እዚህ ጋ ስለሆነ ሦስቱን ድንበሮች በመስመሩ ላይ በሦስት የተለያዩ ቅንፎች አሳዩ።

እነዚህ ድንበሮች ለቆጠራና ለሕግ የወጡ ናቸው። አካል የልደት ቀን አይጠብቅም። የጉርምስና ለውጥ በሴቶች ልጆች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 13፣ በወንዶች ላይ ከ9 እስከ 14 ባለው ዕድሜ ይጀምራል። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ሁለት እኩዮች በአካል የአራት ዓመት ልዩነት ያላቸው ሊመስሉ ይችላሉ። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ይህን ለክፍል ጓደኞቻችሁ ጮክ ብላችሁ ንገሩ። “እኔ ብቻ ቀረሁ” ወይም “እኔ ብቻ ቀደምኩ” እያለ በውስጡ የሚብሰለሰል ልጅ በየክፍሉ አለ።

3. ሦስት ቀለም እስክሪብቶ አዘጋጁ

የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 1948 ነው፤ የዓለም የጤና ቀን በዚያ ዕለት የሚከበረውም ለዚህ ነው። መተዳደሪያው ጤና ማለት የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የተሟላ አካላዊ፣ አእምሯዊና ማኅበራዊ ደኅንነት መሆኑን ይገልጻል። ሦስቱ ቀለሞች ለእነዚህ ለሦስቱ ናቸው።

በየዕድሜው የምታውቁትን በየቀለሙ ጻፉ። ሲያልቅ ባዶ የቀረውን ቦታ ፈልጉ። የተማሪዎቼን ወረቀት ሳይ የአካል ቀለም በልጅነትና በእርጅና ላይ ይጨናነቃል፤ ከ30 እስከ 60 ያለው ግን ነጭ ነው። ጎልማሳ ሰው የማይለወጥ ይመስላቸዋል። ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ ማሳደግ፣ ወላጅ ማስታመም፣ ብቸኝነት፣ እነዚህ ሁሉ የጤና ጉዳዮች ናቸው። ባዶውን ቦታ በእነሱ ሙሉት።

ለአእምሮው ቀለም የሁለት የሥነ ልቦና ሊቃውንት ስም ይረዳችኋል። ዣን ፒያዤ የልጅ አስተሳሰብ በአራት ደረጃ እንደሚያድግ አስተምሯል። የመጨረሻው ደረጃ፣ ማለትም በዓይን ስለማይታይ ነገር ማሰብ፣ የሚጀምረው በ11 ዓመት ገደማ ነው። ኤሪክ ኤሪክሰን ግን እዚያ አላቆመም። ስምንት ደረጃ አድርጎ እስከ እርጅና ወሰደው። በእሱ አስተሳሰብ የእናንተ ዕድሜ ዋና ጥያቄ “እኔ ማን ነኝ?” ነው። የአረጋውያኑ ደግሞ የኖሩትን ሕይወት መለስ ብሎ መቀበል ነው። ስምንቱን ስም ከመሸምደድ ይልቅ እያንዳንዱን በመስመሩ ላይ ቦታ ቦታ አስይዙት።

4. አንድ የአካል ክፍል ይዛችሁ ሙሉ ዕድሜ ተጓዙ

ብዙውን ጊዜያችሁን ለዚህ ስጡ። መጽሐፉ አንድ ዕድሜ ላይ ቆሞ ስለ ሁሉም አካል ያወራል። እናንተ ተቃራኒውን አድርጉ። አንድ አካል ብቻ ምረጡና ከጽንስ እስከ እርጅና ተከተሉት።

በአጥንት እንጀምር። ሕፃን ሲወለድ ወደ 300 የሚጠጉ የአጥንት ክፍሎች አሉት። ብዙዎቹ ገና በከፊል ልም አጥንት ናቸው። የራስ ቅሉ አጥንቶች አልተጋጠሙም። አናቱ ላይ ያለችውን እርግብግቢት ያየ ሰው ያውቃታል፤ ከልብ ምቱ ጋር አብራ ስትመታ ትታያለች። ክፍት የሆነችው በስህተት አይደለም። ጭንቅላቱ በጠባብ መንገድ እንዲወለድ፣ ከዚያም አንጎሉ እንዲያድግ ቦታ መስጫ ናት። አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ዓመቱ እስኪሞላ ትዘጋለች። ቀስ በቀስ ሌሎቹም አጥንቶች እየተጋጠሙ ይሄዳሉ፤ ትልቅ ሰው ላይ 206 ይሆናሉ።

በልጅነት ረጃጅሞቹ አጥንቶች ጫፋቸው አካባቢ ማደጊያ ልም አጥንት አላቸው። ቁመት የሚመጣው ከዚያ ነው። ጉርምስና ሲገባ ሆርሞኖች እድገቱን ያፈጥኑታል። በኋላ ራሳቸው ሆርሞኖቹ ያንን ማደጊያ ይዘጉታል። ከተዘጋ ቁመት አይጨምርም።

ቁመቱ ቆመ ማለት ግን አጥንቱ ሥራውን ጨረሰ ማለት አይደለም። ውስጡን እየሞላ ነው። የጉርምስና ዓመታት ለአጥንት የጎተራ መሙያ ወቅት ናቸው። አንድ ሰው በሕይወቱ ከሚኖረው ከፍተኛ የአጥንት ክምችት እስከ 90 በመቶ የሚደርሰው በሴቶች እስከ 18፣ በወንዶች እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ይገባል። የቀረው እስከ ሃያዎቹ መጨረሻ ይጠራቀማል። ጎተራውን የሚሞሉት ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ እንዲሁም አጥንት ላይ ጫና የሚያሳርፍ እንቅስቃሴ ናቸው። መሮጥ፣ መዝለል፣ ገመድ መዝለል፣ ደረጃ መውጣት። የሚያጎድሉት ሲጋራ፣ ራስን በረሃብ ማክሳትና ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋል ናቸው።

ከዚያ በኋላ ጎተራው ቀስ እያለ ይጎድላል። በሴቶች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ማረጥ ሲመጣ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ በሚቀጥሉት ዓመታት የአጥንት መጉደል ይፈጥናል። የአጥንት መሳሳት አያምም። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሲሰበር ነው፤ ዳሌ፣ የእጅ አንጓ ወይም የአከርካሪ አጥንት።

አሁን ቀይ እስክሪብቶ አንሱና ከ15 ተነስታችሁ እስከ 70 ድረስ ቀስት አስምሩ። ቀስቱ ላይ “አጥንት” ብላችሁ ጻፉ። 70 ዓመት ላይ የሚመጣው ስብራት የ70ኛው ዓመት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ይህች አንዲት ቀስት ከሁለት ምዕራፍ በላይ ታስረዳለች።

ቀጥሎ ጆሮን ውሰዱ። ታሪኩ ይለያል። በእያንዳንዱ የውስጥ ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉ ወደ 15,000 የሚጠጉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ይዘናቸው እንወለዳለን። በሰው ላይ የሞቱት ተመልሰው አይበቅሉም። ከፍተኛ ድምፅ ይጎዳቸዋል፤ ዕድሜም ለብቻው ይቀንሳቸዋል። በጆሮ ማዳመጫ ለሚያዳምጥ ትልቅ ሰው የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በ80 ዲሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ድምፁ ከዚያ ሲጨምር የሚፈቀደው ሰዓት በፍጥነት ያጥራል። አንድ ተማሪ በ16 ዓመቱ የሚያደርሰው ጉዳት ያን ዕለት ላይሰማው ይችላል። በኋላ የዕድሜው መቀነስ ሲደረብበት ነው የሚታወቀው፤ መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው።

ልዩነቱን ልብ በሉ። አጥንት ተሞልቶ የሚጎድል ነው። ጆሮ ሞልቶ ተሰጥቶን የሚጎድል ነው። በወረቀታችሁ ላይ ሁለቱን በተለያየ ምልክት አሳዩ። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ቁጥር 6 ላይ እንደርስበታለን።

በቡድን የምታጠኑ ከሆነ አካላቱን ተከፋፈሉ። አንዱ ልብን፣ አንዷ ዓይንን፣ ሌላው ቆዳን ይያዝ። ጥርስ ለጀማሪ ጥሩ ነው፦ 20 የወተት ጥርስ፣ 32 ቋሚ ጥርስ፣ ሁለተኛው ከወለቀ ሦስተኛ የለም። እያንዳንዱ ሰው በአሥር ደቂቃ የአካሉን ሙሉ ጉዞ ለሌሎቹ ይተርክ። ማስታወሻ ሳታዩ መተረክ ካልቻላችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው። ተመልሳችሁ አንብቡ።

5. ቁጥሮቹን በአካል ሞክሩ

አምስት ደቂቃ ተቀመጡ። ከዚያ አመልካችና የመሐል ጣታችሁን በሌላው እጃችሁ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አሳርፉ። በአውራ ጣት አትለኩ፤ የራሱ ትርታ ስላለው ያምታታችኋል። 30 ሰከንድ ቁጠሩና በሁለት አባዙ። በእረፍት ላይ ያለ ትልቅ ሰው በደቂቃ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ይመታል። የእናንተም እዚያ አካባቢ ነው። የተወለደ ሕፃን ግን ከ100 እስከ 160 ሊደርስ ይችላል።

ለምን? መልሱን ከመጽሐፍ ከመፈለጋችሁ በፊት አስቡበት። የሕፃን ልብ ትንሽ ናት፤ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ጥቂት ነው። አካሉ ግን ከክብደቱ አንጻር ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መምታት አለባት። ቤት ስትገቡ የታናሽ ወንድማችሁን፣ የእናታችሁን፣ የአያታችሁን ለኩና በመስመሩ ላይ በየዕድሜያቸው ጻፉ። በራሳችሁ ጣት የቆጠራችሁት ቁጥር አይረሳም።

ሁለተኛው ሙከራ እንቅልፍ ነው። ለሰባት ቀን የተኛችሁበትንና የነቃችሁበትን ሰዓት መዝግቡ። የእንቅልፍ ሐኪሞች ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ሰው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይመክራሉ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለው ከ9 እስከ 12፣ ለትልቅ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት። በጉርምስና ጊዜ የአካል ሰዓት ራሱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ እንቅልፍ አምሽቶ ይመጣል። “ይህ ልጅ ጠዋት አይነሳም” የሚል ወላጅ ካላችሁ ይህን ንገሩት። የስልክ መብራት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፤ ይህንንም ሳትደብቁ ንገሩት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ክብደታችሁን ለክፍል ሥራ ብላችሁ በሰው ፊት አትለኩ። ሚዛን መሐል ክፍል ተቀምጦ ተማሪ ሁሉ በተራ ሲወጣበት አይቻለሁ። ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር። አንዲት ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ምሳዋን መብላት አቆመች። ከዚህም በላይ ስሌቱ ራሱ ስህተት ነበር። ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው የክብደትና የቁመት መመዘኛ ለትልልቅ ሰዎች የወጣ ነው። ያላደገ ሰው የሚታየው በዕድሜና በጾታ በተዘጋጀ የእድገት ሰንጠረዥ ነው። ስለ ክብደት መማር ካለባችሁ ስም የሌለው የምናብ ታካሚ ፈጥራችሁ በእሱ ቁጥር ሥሩ።

6. “ይህን በምን አወቁ?” ብላችሁ ጠይቁ

ስለ ዕድሜ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ከሁለት ዓይነት ጥናት በአንዱ የመጣ ነው። አንደኛው ዛሬ የ20፣ የ40 እና የ70 ዓመት ሰዎችን ጎን ለጎን አቁሞ ያወዳድራል። ፈጣን ነው፤ ወጥመድ ግን አለው። የዛሬው የ70 ዓመት ሰው ከ20 ዓመቱ ልጅ ያጠረው ስላረጀ ብቻ ላይሆን ይችላል። በልጅነቱ የበላውና የታመመው ሌላ ነበር። የትውልድ ልዩነት የዕድሜ ልዩነት መስሎ ይታያል።

ሁለተኛው እነዚያኑ ሰዎች ለዓመታት ይከተላል። አዝጋሚ ነው፤ ርክክቡን የሚያሳየው ግን እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ 5,209 ሰዎችን ይዞ የተጀመረው የልብ ጥናት ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ከልብ ሕመም ዓመታት አስቀድመው እንደሚመጡ ካሳዩት ቀዳሚዎቹ ጥናቶች አንዱ ነው። በኒውዚላንድ ዱኒደን ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 ከተወለዱ ሕፃናት 1,037ቱን ይዘው እስከ ጎልማሳነታቸው ተከትለዋቸዋል።

አንዳንዴ ታሪክ ራሱ በአሳዛኝ መንገድ ማስረጃ ይተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 ወደ 1945 በተሻገረው የብርድ ወራት፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ ከባድ ረሃብ ነበር። ያኔ ማህፀን ውስጥ የነበሩ ልጆች አድገው ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ተመረመሩ። አካላቸው በደም ውስጥ ያለን ስኳር የመቆጣጠር አቅሙ ከሌሎቹ ደከም ብሎ ተገኘ። እነሱ ያን ረሃብ አያስታውሱትም። አካላቸው ግን ተረክቦታል። ከእርግዝናው ወረቀት ወደ 50 ቀስት አስምሩ።

እዚህ ላይ ተማሪ ተስፋ እንዲቆርጥ አልፈልግም። ቅድም ያልኳችሁ ሦስተኛው ዓይነት ርክክብ ይህ ነው፦ መመለስ የሚቻለው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ 34,439 ወንድ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት የተከተለ ጥናት ነበር። ሲጋራ እያጨሱ የቀጠሉት ካላጨሱት በአማካይ በ10 ዓመት ቀድመው ሞቱ። በ60 ዓመታቸው ያቆሙት ወደ 3 ዓመት ያህል ዕድሜ አተረፉ። በ50 ያቆሙት ወደ 6፣ በ40 ያቆሙት ወደ 9። በ30 ያቆሙት ደግሞ የሚያጡትን 10 ዓመት ከሞላ ጎደል በሙሉ መልሰው አገኙ። እነዚህን አራት ቁጥሮች በመስመሩ ላይ በአረንጓዴ ጻፉ።

ከጥናት ሳንወጣ አንድ ስሌት። “በድሮ ዘመን አማካይ ዕድሜ 40 ነበር፤ ስለዚህ ሰው በ40 ያረጅ ነበር” ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሞክሩት። አሥር ልጆች ተወለዱ እንበል። ሦስቱ በአንድ ዓመታቸው ሞቱ፤ ሰባቱ 70 ዓመት ኖሩ። ድምሩ 493፣ ለአሥር ሲካፈል 49.3 ነው። በ49 ዓመቱ የሞተ ግን አንድም ሰው የለም። አማካይ ዕድሜ ከፍ የሚለው አረጋውያን ሲበረቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ በላይ ሕፃናት መሞታቸውን ሲያቆሙ ነው። ክትባት፣ ንጹሕ ውኃና የወሊድ ክብካቤ ከዕድሜ ርዝመት ጋር አብረው የሚነሱት በዚህ ምክንያት ነው።

7. አንድ ትልቅ ሰው አነጋግሩ

እናቴ መርፌ ስትሰካ አስታውሳለሁ። ክሩን በምላሷ ታረጥባለች፣ መርፌውን ወደ መብራት ታዞራለች፣ ከዚያ እጇን ዘርግታ ታርቀዋለች። እየቆየ እጇ አልበቃ አላት። “ና እስቲ ስካልኝ” ትለኝ ጀመር። መጽሐፍ ላይ ይህ አንድ መስመር ነው፦ የዓይን ሌንስ ከዕድሜ ጋር እየጠጠረ ይሄዳል፤ ከ40 በኋላ ቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ ማየት ያስቸግራል። እኔ ግን ያን መስመር ባነበብኩ ቁጥር የማየው የእናቴን የተዘረጋ እጅ ነው።

እናንተም እንዲህ ያለ እጅ ፈልጉ። ከ65 ዓመት በላይ የሆናቸው አንድ ሰው ምረጡ፤ አያት፣ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡ መምህር። አስቀድማችሁ ለምን እንደምትጠይቁ ንገሯቸው። ፈቃዳቸውን ጠይቁ። ስማቸውን በጽሑፋችሁ ላይ አታስፍሩ። ስለ በሽታቸው አትጀምሩ። እንዲህ ጀምሩ፦ “በእኔ ዕድሜ ሳሉ ቀንዎ እንዴት ይውል ነበር?” ከዚያ “ሰውነትዎ መለወጡን መጀመሪያ ያወቁት በምን ነበር?”፣ “በ30 ዓመትዎ ያደረጉት ዛሬ የጠቀመዎት ነገር ምንድን ነው?”፣ “ዛሬ ደስ የሚያሰኝዎት ማን ነው?” የመጨረሻው የማኅበራዊው ቀለም ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ ረጅሙ መልስ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው።

ጆሯቸው ከደከመ አትጩኹ። ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ፣ አፋችሁን እንዲያዩ፤ ቀስ ብላችሁ በወፍራም ድምፅ ተናገሩ። ከቁጥር 4 ያስታወሳችሁ ተማሪ ለምን በወፍራም ድምፅ እንዳልኩ ገብቷችኋል።

8. ለሚከብዱት ርዕሶች መንገድ አብጁ

የወር አበባ፣ የሌሊት ፈሳሽ፣ እርግዝና፣ የአእምሮ ሕመም፣ ሞት። እነዚህ ሲመጡ ክፍሉ ወይ ይስቃል ወይ ዝም ይላል። ስም የማይጻፍበት የጥያቄ ሣጥን አስቀምጡ። ሁሉም ተማሪ ወረቀት ያስገባ፣ ጥያቄ የሌለውም “የለኝም” ብሎ ይጻፍ። እንዲህ ሲሆን ማን እንደጠየቀ አይታወቅም። አካላትን በትክክለኛ ስማቸው ጥሩ። ወንዶች ስለ ወር አበባ፣ ሴቶች ስለ ወንዶች ለውጥ አብረው ይማሩ። ማላገጥ የሚቀንሰው ሁሉም ሲያውቅ ነው።

ብዙ የአእምሮ ሕመሞች የሚጀምሩት በጉርምስናና በወጣትነት ነው። ስለዚህ ይህ ምዕራፍ ስለ ሌላ ሰው አይደለም። ስታጠኑ የራሳችሁን ወይም የጓደኛችሁን ምልክት ካያችሁበት፣ በተለይ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ፣ ማጥናቱን አቁሙና ያን ዕለት ለምታምኑት ትልቅ ሰው ወይም ለጤና ባለሙያ ንገሩ። “አትንገርብኝ” ያለ ጓደኛም ቢሆን ይህ ምስጢር አይጠበቅም።

9. ለፈተና ስትዘጋጁ

አዲስ ባዶ ወረቀት ላይ መስመሩን ከጭንቅላታችሁ ሥሩ። ደብተር አትክፈቱ። ከዋናው ጋር አስተያዩና የጎደለውን ብቻ አጥኑ። በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ድገሙት። ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ከአእምሮ አውጥቶ መጻፍ ትምህርትን ያጸናል።

መልስ ስትጽፉ ርክክቡን አሳዩ። ጥያቄው “የ16 ዓመት ተማሪ በሌሊት 5 ሰዓት ብቻ ይተኛል። አብራሩ” ቢል ደካማው መልስ እንዲህ ይላል፦ “እንቅልፍ ማጣት ለጤና ጎጂ ነው። ድካም ያመጣል።” ስህተት የለበትም። ግን የየትኛውም ዕድሜ መልስ ነው።

ጠንካራው እንዲህ ይሄዳል፦ “በዚህ ዕድሜ የሚመከረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው፤ ተማሪው ቢያንስ 3 ሰዓት ይጎድለዋል። በጉርምስና የአካል ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚገፋ አምሽቶ እንቅልፍ መምጣቱ የስንፍና ምልክት አይደለም። ስሜትን የሚገታውና ውሳኔን የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ እያደገ ነው፤ የእንቅልፍ እጦት ደግሞ ይህንኑ ሥራ ያዳክማል። አሁን የሚይዘው የእንቅልፍ ልማድ ወደ ወጣትነቱ ይከተለዋል።” አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ቁጥር አለው፣ ምክንያት አለው፣ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ያሳያል።

እነዚህን ሦስቱን ደግሞ በዚሁ መንገድ ሞክሩ። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ስፖርት አቁማ ምግብ መዝለል ጀምራለች፤ የ60 ዓመት አጥንቷ ምን ይረከባል? አንድ የ45 ዓመት ሰው ሲጋራ ማቆም ይፈልጋል፤ “ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው” ቢላችሁ በቁጥር ምን ትመልሱለታላችሁ? አንዲት የ72 ዓመት እናት ሰው ሲበዛ ዝም እያሉ ከጨዋታ መውጣት ጀምረዋል፤ ሦስቱንም ቀለም ተጠቅማችሁ፣ ከጆሮ ጀምራችሁ አስረዱ።